ዲስክ አይንሸራተትም

«ዲስክህ ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ ለመጎንበስም ይፈራል። ዲስክ ግን ከላይና ከታች ካሉት አከርካሪዎች ጋር በጠንካራ ክሮች የተያያዘ ነው። አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ወደ ፊት ሊሄድ ሲል ክሮቹ ይወጠራሉ፤ ከኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎችም ይገቱታል። (የሚንሸራተት ካለ አጥንቱ ነው፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው።)

ታዲያ ነርቩን የሚጫነው ምንድን ነው? ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ዕጢ እየመሰላቸው ቆርጠው ያወጡት ነበር። የቦስተን ሐኪሞቹ ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር እነዚያን «ዕጢዎች» መልሰው ቢመረምሩ ብዙዎቹ የዲስክ ቁራጭ ሆነው ተገኙ፤ የዲስኩ ቀለበት ተቀዶ ያፈተለከ። ይህን በ1934 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ የወገብ ቀዶ ጥገናንም አበዛ። የኤምአርአይ ምስል መጥቶ ታማሚዎችን መከታተል ሲቻል ግን፣ ያፈተለከውን ቁራጭ በብዙ ሰው ላይ ሰውነት ራሱ በወራት ውስጥ መጥጦ እንደሚያሳንሰው ታየ።