የምሥራቅ አዲስ አበባ አከራይ ከየት መጣ?

የቤት ኪራይ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር አከራዩ ስግብግብ ነው፤ ደላላው ደግሞ ግብረ አበሩ። ከገርጂ እስከ አያት፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ ባለው የከተማዋ ምሥራቅ ግን ርካሽ ቤት ይዞ፣ ሴራሚክ አንጥፎና ቀለም ቀብቶ የሚያከራየው ሰው በአብዛኛው የመንግሥት የቤት ፖሊሲ ልጅ ነው። ገበያው ያገኘው ዘግይቶ ነው።

ቦሌ ገና ስትቆረቆር ጀምሮ የኪራይ ሰፈር ነበረች። በ1950ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚያ ሲዛወር፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ከእሱም በኋላ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባን መቀመጫቸው ሲያደርጉ፣ ቪላ ሠርቶ ለዲፕሎማት ማከራየት ለባለገንዘቡ ጥሩ ሥራ ሆነለት። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን በር ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይ ተከለከለ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 300 ብር የነበረ ቤቶች ከ15 እስከ 50 በመቶ ቅናሽ ተደረገባቸው። እስከ 100 ብር የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ከቀበሌ ጭቃ ቤት የሚሰበሰበው ጥቂት ብር የዛገ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ አይበቃም ነበር፤ ቀበሌው አላደሰም፣ ተከራዩም በሰው ንብረት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ምክንያት አልነበረውም። የተከለከለው የግል ኪራይም ቢሆን አልሞተም። በደባልና በዘመድ ስም ወደ ግቢ ውስጥ ገባ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራው ሰርቪስ ቀስ በቀስ የብዙ ጡረተኛ መደጎሚያ ሆነ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የግል ኪራይ በግልጽ ተመለሰ። አዲሱን አከራይ በገፍ ያፈራው ግን የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ነው። ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ጋር ቦሌ ገርጂ ላይ የተሞከረው ግንባታ በ1997 ዓ.ም. ወደ ትልቅ ፕሮግራም ሲያድግ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ሚሊዮን ተጠጋ። ቤቱ በዕጣ ይደርሳል። 20/80 በሚባለው መርሃ ግብር ባለዕድሉ ሃያ በመቶውን ይከፍላል፣ ቀሪው የባንክ ዕዳ ነው። የወለል ንጣፉን፣ ቀለሙንና የወጥ ቤቱን ካቢኔ የሚያስጨርሰው ራሱ ነው። እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ማከራየት ግን አልተከለከለም። እነዚህን አንድ ላይ ስናያቸው ውጤቱ ሊያስገርመን አይገባም። ደመወዙ የወሩን ዕዳና የፊኒሺንጉን ወጪ ለማይሸፍንለት ሰው፣ ሥራውም ፒያሳ ወይም መርካቶ ሆኖ ቤቱ የካ አባዶ ለወጣለት ሰው፣ ከማከራየት የተሻለ ምን መንገድ ተተወለት?

ቤቱ በድጎማ የተሠራው ለዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው እንዲኖርበት እንጂ እንዲነግድበት አይደለም የሚል ተቃውሞ አለ፤ ከባድ ተቃውሞ ነው። ከአንድ በላይ ቤት በዘመድ ስም የሰበሰቡትንም እኔ አልከላከልላቸውም። አንድ ስቱዲዮ ብቻ የያዘውን ግን ከእነሱ ጋር መደመር ስህተት ነው፤ ድጎማው ቤቱን ሰጠው እንጂ ቤቱ ውስጥ የሚኖርበትን ገቢ አልሰጠውም። ከዚያም በላይ የእሱ ቤት ባዶውን አልተቀመጠም። ቀበሌ ቤት ያልደረሰው፣ ምዝገባው ያመለጠው፣ ከክፍለ ሀገር ገና የመጣ ሠራተኛ የሚያድረው እዚያ ነው። ሌላው ክርክር ኪራይ በሕግ ይገደብ የሚለው ነው። እዚህ ላይ የ1967ቱ ልምድ ያስጠነቅቃል፦ ኪራዩ ከጥገናው ወጪ በታች ሲወርድ ቤቱ ራሱ ይፈርሳል። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1320 ከዚያ የለዘበ ነው። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ይደነግጋል። ለተከራይ ዋስትና ይሰጣል፤ በእኔ እምነት መልካም ነው። ጉድለቱ አከራይን አንድ ዓይነት ሰው አድርጎ ማየቱ ላይ ነው። አንድ ሕንፃ ሙሉ የሚያከራየውና አራብሳ ያለውን ባለ አንድ መኝታ አከራይቶ እሱ ራሱ ሥራው አጠገብ ተከራይቶ የሚኖረው እኩል ይታያሉ፤ ጭማሪው ሲገደብ የሁለተኛው የባንክ ክፍያ አብሮ አይገደብም።