ቁጥሩ ልክ፣ ቦታው ስህተት፦ ካርታዎች ሲደራረቡ ለምን አይገጥሙም?

መስቀል አደባባይ የት ነው? የአዲስ አበባ ልጅ በጣቱ ይጠቁማችኋል፣ በቃ። ኮምፒውተር ግን ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስ «ኬንትሮስ 38.76፣ ኬክሮስ 9.01 ዲግሪ» ይላል። የድረ ገጽ ካርታ ውስጥ ውስጡን ሲያሰላ ያንኑ ቦታ 4,314,700 እና 1,007,100 ሜትር ገደማ አድርጎ ይይዘዋል። ቀያሽ መሐንዲስ ደግሞ 473,600 እና 996,000 ሜትር ገደማ ብሎ ይመዘግበዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው አንዱን ቁጥር የሌላው አድርገን ስናነበው ነው።

ታዲያ አንድ ቦታ እንዴት ይህን ሁሉ አድራሻ አወጣ? መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው።

የመርከበኞቹ ካርታ

የብርቱካን ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ ለመዘርጋት ሞክሩ። ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ይጨማደዳል። ምድርም እንደዚያው ናት። ክቡን ወደ ጠፍጣፋ የምንቀይርበት የሒሳብ ደንብ ፕሮጀክሽን ይባላል። ሁሉን ነገር የሚያድን ፕሮጀክሽን የለም፤ አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን መሠዋት ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1569 ገራርዱስ መርካቶር ያሳተመው ካርታ አቅጣጫን አዳነ። መርከበኛ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፣ የኮምፓሱን ማዕዘን ይይዛል፣ ሳይቀይር ይጓዛል። የተሠዋው ስፋት ነው። ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ሁሉ ነገር ይለጠጣል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል መስላ የምትታየው ለዚህ ነው፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች።

በሐይቅ ሥር ያለው ምልክት

ሁለተኛው ጣጣ የምድር ቅርጽ ነው። ምድር ትክክለኛ ሉል አይደለችም፤ ዋልታዎቿ ጋ ጠፍጠፍ ያለች ናት። ይህን ቅርጽ በሒሳብ የሚወክለው ኢሊፕሶይድ ይባላል። ከሳተላይት ዘመን በፊት የነበሩ ቀያሾች ለየአካባቢያቸው የሚስማማ ኢሊፕሶይድ ይመርጡና መሬት ላይ በተተከለ አንድ መነሻ ምልክት ያስሩት ነበር። ይህ ቅርጹና መነሻው አንድ ላይ ዳተም ይባላል።

የኢትዮጵያ ዳተም አዲንዳን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ቀያሾች ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲመጡ ልኬታቸውን ያያያዙት ከግብፅና ከሱዳን ድንበር አጠገብ ካለው የአዲንዳን ምልክት ጋር ነበር። የተጠቀሙት ኢሊፕሶይድ ክላርክ 1880 ይባላል። የሚገርመው፣ ከአስዋን ግድብ በኋላ ያ ምልክት በናስር ሐይቅ ውኃ ተውጧል። ምልክቱ ቢሰጥምም ቁጥሮቹ ግን አሉ፤ ነባሮቹ የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በዚሁ ዳተም ነው።

ከዚያ ጂፒኤስ መጣ። ሳተላይት መላውን ምድር ስለሚዞር ለአንድ አገር ብቻ የሚስማማ ዳተም አይሆነውም። ደብልዩጂኤስ 84 የተባለው ዳተም መነሻው የምድር እምብርት ነው።

መሐንዲሶቹ ያቀለሉት ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ማፕስ ወጣ። ካርታው 256 በ256 ፒክሰል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ተቆራርጦ በኢንተርኔት ይላካል። ለዚህ ሥራ የመርካቶር ፕሮጀክሽን ተመቸ፤ ዋልታዎቹን 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ከቆረጡት መላው ዓለም ካሬ ይሆናል። በዚያ ላይ የመንገድ ማዕዘኖች የትም ከተማ አይዛቡም።

ግን አንድ አቋራጭ ነበረው። ሒሳቡ እንዲፈጥን ብለው የደብልዩጂኤስ 84ን ዲግሪ ምድር ሙሉ ሉል እንደሆነች አድርገው አሰሉት። የጂኦዴሲ ሰዎች ይህን አልወደዱትም። የፕሮጀክሽኖችን መዝገብ የሚይዘው ኢፒኤስጂ መጀመሪያ ላይ አልመዘግብም አለ። ፕሮግራመሮቹ ደግሞ 900913 የሚል የራሳቸውን ቁጥር ሰጡት፤ አሃዞቹን እንደ እንግሊዝኛ ፊደል ካነበባችኋቸው «ጉግል» ይላሉ። ሁሉም ሰው ስለተጠቀመበት መዝገቡ በመጨረሻ ተቀበለው። ዛሬ ቁጥሩ 3857 ነው፣ ብዙዎች ዌብ መርካቶር ይሉታል።

ስህተቱ ምን ያህል ነው?

እንግዲህ እነዚህን ዳታዎች አንድ የድረ ገጽ ካርታ ላይ እንደራርባቸው።

አንደኛ፣ ዲግሪውን እንደ ሜትር ብናነበውስ? መስቀል አደባባይ ከምድር ወገብና ከዜሮ ኬንትሮስ መገናኛ 39 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ 9 ሜትር ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ይህ ቦታ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ሰዎቹ በቀልድ «ባዶ ደሴት» ይሉታል፤ ደሴት ግን የለም፣ ውኃ ነው።

ሁለተኛ፣ የሉሉን መርካቶር ከኢሊፕሶይዱ መርካቶር ጋር ብናምታታውስ? ሁለተኛውን ለምሳሌ የሩሲያው ያንዴክስ ተጠቅሞበታል። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አደባባዩ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ዳገት ይሸሻል፣ ወይም በዚያው ልክ ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ የአዲንዳንን ቁጥር የጂፒኤስ ነው ብለን ብንወስደውስ? ሁለቱም በሜትር ናቸው፣ የአሃዞቹ ብዛትም አንድ ነው። ነጥቡ ግን 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል።

ከሦስቱ የቱ ይብሳል? ለእኔ ሦስተኛው። ባሕር ውስጥ የገባ አደባባይ ወዲያው ያስቃል፣ ወዲያውም ይታረማል። የ220 ሜትሩ ግን ካርታው ራቅ ብሎ ሲታይ ልክ ይመስላል። አስቡት፣ ግማሽ ሄክታር ማሳ ካሬ ቢሆን ጎኑ 70 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የአንድ ገበሬ ድንበር ሦስት ማሳ አልፎ የሰው መሬት ላይ ሊያርፍ ይችላል። የማሳው ቅርጽም ስፋቱም ስለማይለወጥ ወረቀቱን ያየ ሰው ምንም አይጠረጥርም።

መለያ መለጠፍና መቀየር

መፍትሔው አዲስ ፈጠራ አይደለም። ኪውጂአይኤስን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀይራሉ። ነገር ግን ሁለት የሚመሳሰሉ ትእዛዞች አሏቸው። አንዱ ቁጥሩን ሳይነካ «ይህ ዳታ የእገሌ ነው» የሚል መለያ ይለጥፋል። ሌላው ቁጥሩን ራሱን አስልቶ ይቀይራል። ብርን ወደ ዶላር መቀየር አንድ ነገር ነው፤ የመቶ ብር ኖት ላይ «ዶላር» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ። አዲንዳን በሆነ ዳታ ላይ የጂፒኤስ መለያ ከለጠፋችሁ ሶፍትዌሩ አያጉረመርምም፣ ያመናችኋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ዳታው የተሠራበትን እወቁ፤ ለምሳሌ በኢትዮጵያ መሃል ባለው ቀጠና አዲንዳን 20137፣ ደብልዩጂኤስ 84 ደግሞ 32637 የሚል መለያ ቁጥር አላቸው። ቀጥሎ ትክክለኛውን መለያ ስጡት። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ 3857 ቀይሩት። በመጨረሻም የምታውቁትን የመንገድ መገናኛ ወይም ድልድይ አቅርባችሁ አስተያዩት። መለያ የሌለው ፋይል ከደረሳችሁ በግምት አትሙሉት፤ ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደለካው ጠይቁ። የማሳው ባለቤት ድንበሩን ያውቀዋል፤ ካርታው ግን የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ ነው።