ድርብ የሥርዓተ ምግብ ጫና፦ መቀንጨርና ከመጠን ያለፈ ውፍረት በአንድ ቤት ውስጥ

ድርብ የሥርዓተ ምግብ ጫና የሚባለው በምግብ እጥረት የሚመጡ ችግሮች፣ ማለትም መቀንጨር፣ መቀጨጭና የቪታሚንና ማዕድናት እጥረት፣ ከመጠን ካለፈ ክብደት ጋር በአንድ አገር፣ በአንድ ቤተሰብ ወይም በአንድ ሰው ላይ አብረው ሲከሰቱ ነው። ውፍረት ያላት እናት የቀነጨረ ልጅ ልትኖራት ትችላለች። ክብደቱ ከመጠን ያለፈ ሰውም የብረት ማዕድን እጥረት ሊኖርበት ይችላል።

የችግሩ ስፋት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 149 ሚሊዮን የሚሆኑት የቀነጨሩ፣ 37 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ነበር። በዚያው ዓመት 2.5 ቢሊዮን አዋቂዎች ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 890 ሚሊዮን የሚሆኑት ከፍተኛ ውፍረት ነበረባቸው።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወርዷል። በአንጻሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው በዚሁ ጊዜ ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከእነዚሁ ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር። የመጀመሪያው ችግር ሳይወገድ ሁለተኛው እየጨመረ መምጣቱን አኃዞቹ ያሳያሉ።

ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበት መንገድ

ከፅንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት ለአእምሮና ለአካል ዕድገት ወሳኝ ናቸው። በዚህ ጊዜ በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ሰውነቱ ጥቂቱን ኃይል ቆጥቦ መኖርን ይለምዳል። ይህ ልጅ አድጎ ስኳር፣ ዘይትና ጨው የበዛበትን ምግብ ሲያዘወትር ትርፍ ኃይሉ በስብ መልክ በቀላሉ ይከማቻል፤ ለስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉም ይጨምራል። በእርግዝና ወቅት ክብደቷ ከመጠን ያለፈ እናትም ለእርግዝና ስኳርና ለደም ግፊት ይበልጥ ተጋላጭ ናት።

በከተሞች አካላዊ እንቅስቃሴ እየቀነሰ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና በዘይት የተጠበሱ ምግቦች በየሱቁና በየመንገዱ እየበዙ መጥተዋል። እነዚህ ምግቦች ሆድ ይሞላሉ፤ ነገር ግን ሕፃን ለማደግ የሚያስፈልገውን ንጥረ ምግብ አይሰጡም። የልጅ መወፈር ወይም መጥገብ ብቻውን የጤናማ ዕድገት ማረጋገጫ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚታወቅበት መንገድ

መቀንጨር በዓይን ብቻ አይለይም፤ ልጁ በተፈጥሮው አጭር ተደርጎ ሊታሰብ ስለሚችል ቁመቱ ከዕድሜው ጋር ተነጻጽሮ መለካት አለበት። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ሕፃናት የክንዳቸው ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አጣዳፊ የምግብ እጥረት እንዳለባቸው ያመለክታል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ችግሩ ከባድ ነው። በሁለቱም እግሮች ላይ እብጠት የታየበት ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።

ለአዋቂዎች፣ ከነፍሰ ጡሮች በስተቀር፣ ክብደት በኪሎ ግራም በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ሲሆን የክብደት ማነስ፣ 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሴት ውጤቷ 27.3 ነው።

በጤና ተቋማት የሚሰጡ አገልግሎቶች

• ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የዕድገት ክትትል በየወሩ፤
• ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት ቪታሚን ኤ፣ ከ24 እስከ 59 ወር ላሉት ደግሞ የአንጀት ትላትል መድኃኒት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፤
• ለነፍሰ ጡር እናቶች የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል እና የአመጋገብ ምክር፤
• ለከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና፤
• ለአዋቂዎች የክብደት፣ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ።

የዕድገት ክትትሉን በአቅራቢያ ከሚገኘው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጀመር ይቻላል። ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይላካል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሕፃናት እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ሊጠቡ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጡት መጥባቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እየቀጠለ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። የሚሰጠው ምግብ በቀጭን አጥሚት ብቻ ሳይወሰን በምስር፣ በአተር፣ በእንቁላል፣ በወተት፣ በጎመንና በካሮት ሊበለጽግ ይገባል። ለልጅ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ማስለመድ አይመከርም።

አዋቂዎች በቀን ከ5 ግራም ያልበለጠ ጨው እና ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገቡ፣ የስኳርና የዘይት መጠን እንዲቀንሱ፣ እንዲሁም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ አካላዊ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመከራል። የምግብ እጥረትን የሚከላከለው የተመጣጠነ ማዕድ ከመጠን ያለፈ ውፍረትንም ስለሚከላከል፣ ለልጁ የሚዘጋጀው የተሻለ ምግብ ለመላው ቤተሰብም ይጠቅማል።