«አንቺ» ተብላ የተጠራችው

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ያገኟት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አፅም ሦስት መጠሪያ አላት። በመዝገብ ኤ.ኤል. 288-1 ናት። በፈረንጅ አፍ፣ ካምፑ ውስጥ ሲሰማ ከነበረ የቢትልስ ዘፈን የተወሰደው ሉሲ። ለእኛ ደግሞ ድንቅነሽ። እስቲ ሦስቱንም ጮክ ብላችሁ በሏቸው። ቁጥሩ ይመዘግባታል፣ ሉሲ ይጠራታል፤ ድንቅነሽ ግን ፊቷ ቆሞ ያናግራታል፣ «አንቺ ድንቅ ነሽ» ይላታል።

ስለ ሙዚየም ጽሑፍ ሳስብ ሁሌ እዚህ ስም ላይ እቆማለሁ። ከመስታወቱ ሥር የምናነባቸው መግለጫዎች ብዙ ጊዜ የቁጥሩ ወገን ናቸውና፦ «ከቀንድ የተሠራ መጠጫ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን» ዓይነት። ስህተት የለበትም። ግን ማን ጠጣበት? ጠላ ነው ጠጅ? ለእንግዳ ነው ወይስ ለአባወራው ብቻ? አያቶቻችን ዕቃውን ቢያሳዩን መጀመሪያ የሚነግሩን ይህንን ነበር።

ወግ የሚመስል መግለጫ የፈረንጅ ፋሽን ነው የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ስዊድናዊቷ ማርጋሬታ ኤካርቭ ለፖስታ ሙዚየም ስትጽፍ መስመሮቿን ሰው ሲናገር ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ትሰብር ነበር፤ ዘዴዋም በስሟ ይጠራል። ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ንጉሥ ኢዛና ስለ ኖባ ዘመቻው ያስቀረጸውን ድንጋይ አስቡት። ንጉሡ ራሱ «እኔ» እያለ ያወራል፤ መጨረሻ ላይ ያቆመውን የሚነቅል ሰው ከነዘሩ እንዲነቀል ይረግማል። ከዚህ በላይ አንባቢውን በቀጥታ የሚያናግር መግለጫ ከየት ይመጣል? (እርግማኑን አሁን ላሉት ሙዚየሞች አልመክርም።)

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ሁሉንም ይገላገላል። አማርኛ ግን ገና ግሱ ላይ ሳይደርስ ይጠይቃል፦ አንተ? አንቺ? እርስዎ? እናንተ? «ተመልከት» ብትል የጎበኘችው እናቴ ናት። «ይመልከቱ» ስትል ደግሞ የባንክ ማስታወቂያ ይሆናል። እኔ «እናንተ»ን እመርጣለሁ፤ ቤተሰብም፣ ተማሪም፣ ብቻውን የመጣም ይገባበታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖች የሠሩት ወዴትም የማይወስድ ደረጃ አለ። እዚያ ብጽፍ እንዲህ እል ነበር፦ «ደረጃዎቹን ቁጠሩ። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ሮም ከዘመተ ጀምሮ ለሥልጣኑ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ተሠራ። አሁን ቀና በሉ፤ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?» የይሁዳ አንበሳ ነው።

ጨዋታ የማይሸከም ቦታም አለ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ፣ በፎቶዎቹና በአፅሞቹ መካከል፣ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» የሚል ጥያቄ ቢለጠፍ ያሳፍረኛል። ግን የንግግር ቋንቋ ማለት ቀልድ ማለት አይደለም። «ሕይወታቸው አለፈ» የሚለው ጨዋ የጽሑፍ አማርኛ ገዳይ የለውም። «ተገደሉ»ም የለውም። ቤት ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ፣ እናት «ገደሉብኝ» ነው የምትለው፤ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ገዳዮቹም አሉ፣ የተጎዳችውም አለች። ግድግዳው ላይ ቢሆን «ደርግ ገደላቸው» ተብሎ ይጻፍ፤ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይኑረው።

እዚያ ከሚያስጎበኙት መካከል በዚያ ዘመን ታስረው የተረፉ ነበሩበት። እነሱ ሲያወሩ «እኔ» ይላሉ፤ ጎብኚው ዝም ብሎ ይሰማል። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የሚናገሩት እንደሚናገሩት ሆኖ፣ ወደ ቢሮ አማርኛ ሳይገለበጥ፣ እነሱ ራሳቸው አንብበው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» እያሉ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።