ቆርቆሮ ሲነሣ

ቤት የሚቀይር ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? አልጋውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ ካለውም ቁም ሣጥኑን። የጭቃው ግድግዳ እዚያው ይቀራል፤ የተከለው ባሕር ዛፍም ተነቅሎ አይከተለውም። ከጓሮ የቆመችው የቆርቆሮ ክፍል ግን፣ ማድቤትም ትሁን የዕቃ ማስቀመጫ፣ ታነጋግራለች። ቤት ናት እንዳንል ዕቃ ትመስላለች፤ ዕቃ ናት እንዳንል መሬት ላይ ተተክላለች። አከራይ «የግቢው ናት» ይላል፤ ተከራይ «በገንዘቤ የሠራኋት» ይላል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። ይህ የጓሮ ጭቅጭቅ ታሪክ አለው ባዮች ነን። የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቶቹ እንጂ ስለ ቆርቆሮ ብዙ አይነግሩንምና እስቲ አንድ ጊዜ እሱን እንከተለው። (የውጭውን ዘመን እ.ኤ.አ. እያልን፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ቆርቆሮ ሲወለድም የመጋዘን ክዳን ሆኖ ነው። የለንደን ወደብ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ፓልመር ዝርግ ብረት በሞገድ መልክ ቢታጠፍ ራሱን ችሎ እንደሚቆም አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብት አወጣበት። ወዲያውም በዚያው ወደብ የተርፐንታይን ማከማቻ ተከደነበት። ምሥጢሩ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ወረቀት ዝርግ ሆኖ ሲያዝ ጫፉ ይወድቃል፣ እጥፍ እጥፍ ሲደረግ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብረቱም እንደዚያው፣ ስስ ሆኖ ጠንካራ፣ ስስ በመሆኑም ቀላል ሆነ። ያስቸገረው ዝገቱ ነበር። ለእሱም ፈረንሳዊው ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመንከር ዘዴ ሲያስመዘግብ መላ ተገኘለት።

ከዚያ በኋላ ቤት እንደ ጨርቅ ጣቃ በመርከብ ይጫን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርንያ ለጎረፈው፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ወደ አውስትራልያ ለተሰደደው ሰው፣ የብረት ቤት ተፈታትቶ፣ በየክፍሉ ምልክት ተደርጎበት ተላከለት። በሜልቦርን ከተማ ኮቬንትሪ በተባለው መንገድ ላይ ከእነዚህ ቤቶች ሦስቱ ዛሬም ቆመዋል። አንዱ ድሮ በተተከለበት ቦታ ነው፤ ሁለቱ ግን ከዚያችው ከተማ ሌሎች ሰፈሮች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ተነሥተው የመጡ ናቸው። ባሕር አቋርጦ የመጣ ቤት ሰፈር መቀየር ምን ይከብደዋል?

ትልልቁም ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1857 በለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን የተከፈተው ሙዚየም የመጀመሪያ ቤቱ የብረት ነበር። የከተማው ሰው ሦስቱን ድቡልቡል ጣሪያዎች አይቶ «ቦይለሮቹ» ብሎ ቀለደበት። የጡብ ሕንፃ እየተሠራ ሲሄድ ብረቱ ተፈታ፤ ሠራተኛው ሕዝብ ወደሚኖርበት ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ቤትናል ግሪን ተወሰደ፤ ጡብ ለብሶም እ.ኤ.አ. በ1872 ተከፈተ። እስከ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሀብታሙ ሰፈር አዲሱን ሲያገኝ አሮጌው ለድኻው ሰፈር መድረሱን ልብ ይሏል። ይኸው ተቋም፣ የዛሬው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተዘረፈው ቅርሳችን የወርቅ ዘውድና ጽዋ የያዘው ነው። ሕንፃ ነቅሎ ማጓጓዝ የሆነለት መሥሪያ ቤት አንድ ዘውድ ማጓጓዝ እንዴት እንዲህ እንደከበደው እኛ አልገባንም። ይህን በዚሁ እንለፈው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መነሣት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ «ከተመ»፣ ሰፈረ፣ ከሚለው የመጣ ነው፤ ንጉሡ ድንኳኑን የተከለበት ከተማ ነው፣ ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣል። ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወረዱ፤ አዲስ አበባም በ1879 ተቆረቆረች። ማገዶ ሲያልቅ ደግሞ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ ታስቦ፣ ቤተ መንግሥት እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር። የባሕር ዛፍ መብቀል ሲረዳ አሳቡ ቀረ፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ ቆርቆሮ እንደ ልብ ይመጣ ጀመር። የሳር ጎጆው ከተማ ባለ ቆርቆሮ ሆነ፤ «ባለ ቆርቆሮ» መባልም ማዕረግ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። ቆርቆሮው የሰውዬው ነው፤ መሬቱስ? በባላባት መሬት የሚያርስ ጭሰኛ በማንኛውም ቀን ተነሥ ሊባል ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አናቃልለውም። መሬቱ ግን ዳግመኛ በገበሬው ስም አልተጻፈም። የራሴ ነው፣ ልሸጠው ልለውጠው እችላለሁ የሚለው ከላዩ ያለውን ብቻ ሆነ።

ይህም ብዙ ሳይቆይ ተፈተነ። በ1977 በሐረርጌ፣ በ1978 ደግሞ በብዙ ክፍለ ሀገሮች የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ተጀመረ። በጥቂት ዓመታት ከአሥር ሚሊዮን በላይ ገበሬ ከተበታተነበት ተነሥቶ በመስመር በተቀየሱ መንደሮች ገባ። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ ይቀርብላችኋል ነው የተባለው። ቤቱን የሚያፈርሰውም፣ እንጨቱንና በሩን ተሸክሞ የሚሄደውም ራሱ ገበሬው ነበር። የሳር ክዳን አንዴ ከፈረሰ አይመለስም፤ ሳርም ባሰኘ ወር አይታጨድም። ቆርቆሮ ያለው ግን ጣሪያውን ይዞ ሄደ።

የአንዳችን አያት የሸዋ ገጠር ሰው ናቸው፤ እንዲህ ሲሉ ነግረውናል። ማፍረስ የሚጀመረው ከላይ ነው፤ መጨረሻ የተመታው ቆርቆሮ መጀመሪያ ይነሣል። ሚስማሩ የሚመታው ውሃ በሚወርድበት ቦይ ሳይሆን በሞገዱ ጀርባ ነው፤ ሲነቀልም እንዳይቀድ በቀስታ ነው። የጎበጠው ሚስማር ድንጋይ ላይ ተቃንቶ በጣሳ ይለቀማል። ችግሩ መልሶ ሲከደን ነው። የአዲሱ ቤት ማገር የአሮጌውን ቀዳዳ አይገጥምም፤ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፣ አሮጌው ክፍት ይቀራል። በሬንጅ ይደፈናል፤ ሬንጅ ከየት ይምጣ፣ በጨርቅ ተወተፈ። «ያን ክረምት ቤት ውስጥ ሆነን ኮከብ እናይ ነበር» ይላሉ እሳቸው፣ እየሳቁ። የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ከመንደሩ ሰው ብዙው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። እሳቸውም ያንኑ ቆርቆሮ አነሡት፤ ሦስተኛ ረድፍ ቀዳዳ ተበሳበት። እኛ ይህን ጣሪያ ሰነድ ነው እንላለን፤ የትኛው ቀዳዳ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ጣታቸውን እየቀሰሩ ያሳያሉ።

ሕጉም ከጊዜ በኋላ ስለ ተነሺ ቆርቆሮ አስቦበታል። በ1997 የወጣው፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1161 የተተካው አዋጅ ቁጥር 455፣ ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲለቀቅ ተነሥቶ እንደ ቀድሞው ሊያገለግል ለሚችል ንብረት የማንሻው፣ የማጓጓዣውና የመትከያው ወጪ እንዲከፈል ይላል። ደግ ነው። የጓሮዋ ክፍል በወረቀት ላይ ስም አገኘች። ነገር ግን «እንደ ቀድሞው» የሚለውን ማን ይለካዋል? ማድቤቷ ተነሥታ ከከተማ ዳር ብትተከል ክዳኗ ያው ክዳን ነው፤ እሳት የሚበደሩባት ጎረቤት፣ እንጀራ የሚሸጡባት በር ግን በመኪና አይጫንም። የመሬቱም ዋጋ በሒሳቡ አይገባም።

የማይነሣውን ደግሞ የሚወስድ አለ። በየሰፈራችን ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ልጅ ጩኸቱ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ያጠረ ነው ይባላል፤ ዛሬ ጠርሙስም ጫማም ይገዛል፣ ስሙ ግን ከቆርቆሮው አልተላቀቀም። ሰፈር ሊነሣ ነው በተባለ ሰሞን ድምፁ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰማል።