ሰደድ እሳትና በአየር የሚዘምቱበት ሠራተኞች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማበርን ቍልቍለት ወርዶ ቆላውን ከያዘ በኋላ፣ በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ በኩል ሲያልፍ፣ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ የተዘረጋውን ሰፊ ጨፌ ያያል። በበጋ ወራት የአፋር ከብት አርቢ ከበረሃው ወጥቶ፣ የኦሮሞውና የአማራው ገበሬም ከየቀበሌው ወርዶ፣ ከብቱን የሚያሰማራው በዚሁ መስክ ነው። ክረምቱ ያበቀለው ሣር በጥርና በየካቲት ደርቆ እንደ ገለባ ሲሆን፣ ከአንድ እረኛ ምድጃ የበረረች ፍንጣሪ ምን ልታደርግ እንደምትችል ለቆላ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ በአገራችን አርሶ አደሩና አርቢው እሳትን በጠላትነት ብቻ አያውቁትም። ያረጀውን ሣር አቃጥሎ ለለጋው ስፍራ ማስለቀቅ፣ መዥገርን ማጥፋት፣ ማሳ መመንጠር፣ ንብን በጢስ አባርሮ ማር መቍረጥ፣ ይህ ሁሉ ከአባት የተወረሰ ሥራ ነው። እሳቱ ከእጅ ያመለጠ እንደ ሆነ ደግሞ ጩኸት የሰማ ሁሉ እርጥብ ቅጠል ቈርጦ ይሮጣል፤ ከፊሉ ነበልባሉን በቅጠል ይመታል፣ ከፊሉ አፈር ይበትናል፣ ከፊሉም ፊት ቀድሞ ሣሩን ይመነጥራል። ደመወዝ የለውም፣ አዛዡም በዕድሜ የበሰለው ሰው ነው። ለመንደር ዳር እሳት ይህ በቂ ነው። ተራራ ላይ ለወጣና ቀንና ሌሊት ለሚነድድ ቃጠሎ ግን እንደማይበቃ በቅርብ ዘመን ሁለት ጊዜ በግልጥ ታይቷል።

የመጀመሪያው በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች የደረሰው ነው። ዝናብ በቀረበት በዚያ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ የተነሣው ቃጠሎ ከ100,000 ሄክታር የሚበልጥ ደን አጠፋ። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው በብዙ ሺህ ሆነው ዘመቱ፤ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካም ባለሞያዎች መጡ። ብርታቱ የሚያስመሰግን ነበር፤ ነገር ግን ብርታትና ሥልጠና አንድ አይደሉም። በጎ ፈቃድ ያለው አንድ ሺህ ሰው፣ እሳቱ በነፋስ ወዴት እንደሚዞር የሚነግረው ከሌለ፣ ለራሱም ያሠጋል።

ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የዋልያና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ሲሆን፣ አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች መዝገብ የወጣው ገና በ2017 ነበር። ቃጠሎው ጓሳውንና አስታውን እየበላ ገደል ለገደል ሄደ፤ ጠፋ ሲባልም ዳግመኛ ተቀሰቀሰ። የአካባቢው ሕዝብ በእግሩ ሊደርስባቸው የማይችል ገደላ ገደል ስለ በዛ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቡድን ደረሰ። በአማራ ምድር የሰደድ እሳትን በአየር የመዋጋት ነገር የብዙ ሰው መነጋገሪያ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ሄሊኮፕተሩ ነበር፤ በውስጡ ስለሚቀመጡት ሰዎች የጠየቀ ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሥራውስ ከየት መጣ?

የሥራው ሥር የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ ደኖች ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1910 በአይዳሆና በሞንታና የተነሣ ቃጠሎ በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል በልቶ ከ80 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከሞቱትም አብዛኞቹ እሳት ሊያጠፉ የተቀጠሩ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ኤድ ፑላስኪ የሚባል የደን ጠባቂ አርባ የሚሆኑ ሰዎቹን ወደ አሮጌ የማዕድን ጕድጓድ አስገብቶ አብዛኞቹን አዳነ። በአንድ ወገኑ መጥረቢያ፣ በሌላው ወገኑ ዶማ የሆነው መሣሪያ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የእኛ ባላገር ሁለቱን ለየብቻ ተሸክሞ የሚወጣውን እነርሱ በአንድ እጀታ አዋደዱት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሩ የደን መሥሪያ ቤት በየበጋው ወጣቶችን እየቀጠረ፣ መኸር ሲገባ እያሰናበተ መሥራት ልማዱ ሆነ።

ከመንገድ የራቀ እሳት ላይ በቶሎ ለመድረስ እ.ኤ.አ. በ1940 በጃንጥላ ከአውሮፕላን የሚዘልሉ ሠራተኞች ተላኩ፤ በ1947 ደግሞ በካሊፎርኒያ ሄሊኮፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎችንና ስንቅን ወደ እሳቱ ዳር አመላለሰ። ሄሊኮፕተር ከጃንጥላ የሚበልጥበት ነገር ግልጥ ነው፤ ያወረደውን ሰው ተመልሶ ሊያነሣው ይችላል።

የዚህን ልዩነት ክብደት ለመረዳት በሞንታና ማን ገደል በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949 የሆነውን ማስታወስ ይገባል። አሥራ አምስት ወጣቶች በጃንጥላ ወርደው፣ አንድ የደን ጠባቂም ተጨምሮላቸው፣ ወደ እሳቱ ሲሄዱ ነፋሱ ዞረና ነበልባሉ ከሥራቸው ወደ ዳገቱ ተነሣ። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከሰው ይፈጥናል። አለቃቸው ዋግ ዶጅ መሮጥ እንደማያዋጣ ባየ ጊዜ ቆመና፣ በፊቱ ያለውን ሣር በክብሪት ለኰሰ፤ ሣሩ ነድዶ ባዶ በሆነው ስፍራ በአመዱ ላይ ተደፍቶ ሌሎቹንም ጠራቸው። አለቃው ያበደ መሰላቸው እንጂ ምን እንደሚያደርግ አልገባቸውም፤ አልፈውት ሮጡ። አሥራ ሦስቱ ሞቱ፤ ዶጅ ከአመዱ ደኅና ሆኖ ተነሣ፤ ሌሎች ሁለት በዐለት ሥንጣቂ ሾልከው ዳኑ። የተቃጠለ ሣር ዳግመኛ አይቃጠልም የሚለውን ነገር የጨፌ እረኛ ሳይማር ያውቀዋል፤ በሞት ጥግ ሆኖ ማሰቡ ግን ሌላ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ አለቃውና ሰዎቹ ከዚያ ቀን በፊት አብረው እምብዛም አለመሥራታቸው ነው። አለቃውን የማያውቅ ሠራተኛ በክፉ ሰዓት ቃሉን አያምንም።

እንዲህ ያለው ሞት እየተደጋገመ ስለ ሄደ እ.ኤ.አ. በ1957 ለእሳት ተዋጊዎች ዐሥር ቋሚ ትእዛዞች ተደነገጉ። የአየሩን ጠባይ ተከታተል፣ ዘብ አቁም፣ ማምለጫህን አስቀድመህ እወቅ የሚሉት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ትእዛዝ መጻፍ ግን ሞትን አያስቀርም። በሐምሌ 1994 በኮሎራዶ ስቶርም ኪንግ ተራራ አሥራ አራት ተዋጊዎች አንድ ቀን ሲሞቱ፣ ሁለቱ የሄሊኮፕተር ጓድ አባላት ነበሩ። በሄሊኮፕተር የሄደ በሄሊኮፕተር ይመለሳል ብሎ ለሚያስብ ይህ በቂ መልስ ነው።

አሁን ወደ ጓዱ መግባት የሚሻው ወጣት ምን እንደሚጠበቅበት እንይ። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ መሆን አለበት። ሃያ ኪሎ ያህል ሸክም ይዞ 4.8 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ሳይሮጥ በ45 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል፤ ይህ ፈተና በየዓመቱ ይደገማል፣ ትናንት ያለፈ ዛሬ አይማርም። ስለ እሳት ጠባይና ስለ መሣሪያ አያያዝ መነሻውን ትምህርት ይከታተላል። ከዚያ በኋላም በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት በጋ ከምድር ጓድ ጋር በዶማና በመጥረቢያ ሠርቶ ካልታየ፣ የሄሊኮፕተር ጓድ በቀላሉ አይቀበለውም።

ከገባም በኋላ ሥራው የሚያስቀና አይደለም። አዲሱ ሠራተኛ ቀኑን የሚያሳልፈው ሰውንና ዕቃን በሚዛን እየመዘነ ነው፤ አብራሪው የሚጭነውን በኪሎ ማወቅ አለበትና። ማረፊያውን ይመነጥራል፣ አቧራውን ውሃ ያርከፈክፍበታል፣ በእጅ ምልክት ሄሊኮፕተሩን ያሳርፋል፣ ውሃ የሚቀዳበትን ትልቅ ባልዲ ከሆዱ ሥር ያንጠለጥላል። ወደ ሄሊኮፕተሩ የሚቀርበው አብራሪው እያየው በፊት ለፊት ነው፤ ወደ ጭራው የሚሄድ ሰው በማይታይ ምላጭ ይቈረጣል። ወደ እሳቱ ሲላክም ከአየር የወረደው ሰው ወዲያው እንደ ማናቸውም ገበሬ ጐንበስ ብሎ እየቈፈረ፣ እሳቱ የሚቆምበትን ባዶ መስመር ያበጃል። ባልዲው የሚያፈስሰው ውሃ ነበልባሉን ያበርደዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከሥር ተዳፍኖ የሚቀረውን ፍም በእጁ ዳስሶ የሚያጠፋው ሰው ነው። በሄሊኮፕተሩ ብቻ የተደነቀው ወሬ የዘነጋው ይህንን ነው።

ሚዛን ያልነው ጉዳይ ለአገራችን ከሁሉ የበለጠ ያሳስባል። አየር በሞቀና በሳሳ ቍጥር ሄሊኮፕተር የሚያነሣው ሸክም ይቀንሳል። ቁመቱ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀን በሚገኝበት አገር የሚያነሣው ውሃ፣ ያው ሄሊኮፕተር በከሚሴ ቆላ ከሚያነሣው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ለከፍተኛ ቦታ የሚሆነው ሥሌት ከውጭ መጽሐፍ ተገልብጦ የሚመጣ ሳይሆን በራሳችን ተራሮች ላይ የሚሠራ ነው።

ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ ግን አያሻንም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ሰብስባ የእሳት ተዋጊ የሚያደርግ ድርጅት አቋቋመች፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ከዚያ እንጀራ ይበላሉ፣ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተርም ይደግፋቸዋል። በ2016 ከእነርሱ 300 ያህል ካናዳን ሊረዱ ሄደው ነበር፤ ነገር ግን በደመወዝ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ከታሰበው ጊዜ ቀድመው ተመለሱ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ሰው ነፍሱን ለሚያስይዝበት ሥራ ዋጋው አስቀድሞ ተለይቶ ይነገረው። በሌላም አገር ቢሆን በየበጋው የሚቀጠረው ሠራተኛ ዋና ብሶቱ ይኸው ነው፤ እሳቱ ሲጠፋ እንጀራውም ይጠፋል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በወረደ ጊዜ፣ የምሥራቅ አማራ ገበሬ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖችን ከራሱ በላይ ሲመላለሱ አይቷል። ከአየር መርጨትን የሚያስተባብረው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከተቋቋመ 1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት እንደ ሆነው አንባቢ ይቍጠር። ማረፊያ ማዘጋጀት፣ ነዳጅ ማቅረብ፣ መንጋው ያረፈበትን ስፍራ ለአብራሪ ማመልከት፣ እነዚህ ሁሉ ለእሳት ጓድም የሚያስፈልጉ ሥራዎች ናቸው። ከከሚሴ ወይም ከጨፋ ሮቢት ትምህርት ቤት የወጣ፣ ዳገት መውጣት የለመደ፣ ጨፌው በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ነፋሱም ከቀትር በኋላ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ወጣት፣ ሚዛኑንና የእጅ ምልክቱን በጥቂት ሳምንት ይማረዋል። ነፋሱን ማወቅ ግን ለሌላ አገር ሰው ብዙ በጋ ይፈጅበታል።