ዲ.ዲ.ቲ. እና ከሞት የተረፉት ዝንቦች

ኦትማር ዛይድለር የተባለ ወጣት የኬሚስትሪ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1874 በስትራስቡርግ ዲ.ዲ.ቲ.ን ቀምሞ የአሠራሩን ነገር ብቻ በጽሑፍ ሲያስቀር፣ ያ ነጭ ዱቄት ነፍሳትን የሚፈጅ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረምና፣ ምሥጢሩ ስድሳ አምስት ዓመት ተሰውሮ ኖሮ በ1939 በባዝል ከተማ በጋይጊ ኩባንያ ይሠራ ለነበረው ለስዊሱ ሊቅ ለፓውል ሙለር ተገለጠ። በ1943 መጨረሻ በኔፕልስ ተስቦ በተነሣ ጊዜ፣ የጦር ሐኪሞች ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ልብስ ውስጥ ቅማል የሚገድል ዱቄት ነፍተው መቅሠፍቱን ገቱት፤ ከዲ.ዲ.ቲ. ቀደም ሌሎች ዱቄቶችም ሠርተው ነበር፣ ምስጋናው ግን ለእርሱ ሆነ። ሙለርም ሐኪም ሳይሆን በ1948 የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ዲ.ዲ.ቲ. ለመግደል መበላት አያሻውም፤ ዝንቧ ስትረግጠው በገላዋ ሰርጎ ወደ ነርቧ ይደርሳል። በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ሶዲየም የሚገባበት እጅግ ረቂቅ ደጅ አለ፤ መልእክት ሲያልፍ ይከፈታል፣ ወዲያውም ይዘጋል። መርዙ በዚህ ደጅ ተሰንቅሮ እንዳይዘጋ ስለሚከለክለው፣ ዐፃዌ ኆኅቱ ተኝቶበት በሩ ክፍት እንዳደረ ቤተ ክርስቲያን፣ ሶዲየሙ ያለ ልክ ይገባል፤ ነርቡም ያንኑ መልእክት ያለ ዕረፍት እየደጋገመ ዝንቧን አንቀጥቅጦ፣ አንፈራግጦ ይገድላታል።

ሆኖም ሽልማቱ ሳይሰጥ፣ በ1946 በስዊድን፣ በዓመቱም በኢጣልያ፣ ዱቄቱን እየረገጡ የማይሞቱ የቤት ዝንቦች ታዩ። አሜሪካዊው አክስል ሜላንደር ገና በ1914 በዋሽንግተን ግዛት የፍሬ ዛፎችን የሚመጥ ተባይ የኖራና የድኝ ውሁድን እንደ ተቋቋመ ጽፎ ስለ ነበር፣ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር።

ብዙ ሰው ዝንቧ መርዙን ቀስ በቀስ የለመደችው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከእልፍ አእላፋት መካከል ጥቂቶቹ መርዙን ሳያውቁት ለእርሱ የማይበገር ባሕርይ ከወላጆቻቸው ወርሰው መወለዳቸው ነው። አንዳንዶቹ ከዲ.ዲ.ቲ. ላይ አንድ የሃይድሮጂንና አንድ የክሎሪን አቶም ነጥቆ መርዝነቱን የሚያከሽፍ ኤንዛይም በብዛት አላቸው፤ በሌሎቹ ደግሞ የሶዲየሙ ደጅ ከተሠራባቸው ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ አሚኖ አሲዶች አንዱ፣ ሉሲን የተባለው፣ በፌኒልአላኒን ተተክቷልና መርዙ የሚሰነቀርበትን ስፍራ በቀላሉ አያገኝም። የርጭቱ ሥራ እንግዲህ ሌሎቹን ፈጅቶ ምድሪቱን ለእነዚህ ማውረስ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከቆላው አልፎ እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ወጥቶ በግምት 150,000 ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ዲ.ዲ.ቲ. ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ ኖረ። የወባዋ ትንኝ አልሞት ስትል በ2009 ዴልታሜትሪን ተተካ፤ ይህ ግን የሚሰነቀረው በዚያው በሶዲየሙ ደጅ ስለ ሆነ፣ በዲ.ዲ.ቲ. ዘመን ተመርጠው የቀሩት ትንኞች አዲሱን መርዝ ገና ሳያዩት ተዘጋጅተውለት ቆይተዋል። ስለዚህ ርጭቱ፣ ደጁን ትቶ በነርቦች መገናኛ ላይ መልእክቱን የሚጠርገውን ኤንዛይም ወደሚያስሩት ወደ ቤንዲዮካርብና ፕሮፖክሰር ተዛወረ፤ የአልጋ አጎበሩ ግን ከዴልታሜትሪን ወገን በሆነ መድኃኒት እየተነከረ መታደሉን ቀጠለ።